የመኪና ስፒከር ሚድባስ ሲያንስ፦ አዲስ ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት

ከበሮው ሲመታ ደረት ላይ የሚያርፈው ግፊት፣ የቤዝ ጊታሩ ውፍረት፣ የወንድ ዘፋኝ ድምፅ የታችኛው ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ በግምት ከ60 እስከ 250 ሄርትዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) ባለው ክልል ውስጥ ናቸው። ሚድባስ የሚባለው እሱ ነው። ይህ ክልል ሲሳሳ ሙዚቃው ይጮሃል እንጂ አይመታም። ድምፅ በጨመራችሁ ቁጥር ጆሮ ይበሳል፣ ከበሮው ግን ካርቶን እንደ መደብደብ ይሆናል። ሰብዉፈር (ለጥልቅ ባስ ብቻ የሚሆን ትልቅ ስፒከር) በተገጠመበት መኪና ምልክቱ ትንሽ ይለያል፤ ሻንጣው ይንቀጠቀጣል፣ ዘፋኙም ከፊት ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በሁለቱ መካከል ግን ባዶ ነው።

አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ስፒከር መቀየርን ነው። ብዙ ጊዜ ግን በሩ ላይ ያለው ስፒከር ሚድባሱን ያወጣዋል፤ የሚጠፋው ጆሮ ጋ ሳይደርስ ነው። ወይ አንዱ በር የሌላውን ያጠፋዋል፣ ወይ ፊልተር ይቆርጠዋል፣ ወይ የስፒከሩ የኋላ ድምፅ በበሩ ቀዳዳ ወጥቶ የፊቱን ይበላዋል። አዲሱ ስፒከር በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ሴቲንግ ከገባ ውጤቱ ያው ነው። ፍተሻው ምንም ከማያስወጣው ጀምሮ ኪስ ወደሚነካው ቢሄድ ይሻላል።

የጎደለው የት ጋ ነው?

ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ 50፣ 63፣ 80፣ 100፣ 125፣ 160 እና 200 ሄርትዝ የሙከራ ድምፆች ጫኑ። በቴፑ ላይ ኢኳላይዘሩን ሁሉ ዜሮ አድርጉ፣ ባስ ቡስት እና ላውድነስ የሚባሉትን አጥፉ። ከስልክ በብሉቱዝ የምታጫውቱ ከሆነ የስልኩ የራሱ ኢኳላይዘርም መጥፋት አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መስኮት ዝጉ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የድምፁን መጠን ሳትነኩ እያንዳንዱን ለጥቂት ሴኮንድ አዳምጡ።

ጆሮ በተፈጥሮው 50 ሄርትዝን ከ200 ያነሰ አድርጎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ወደ ታች ስትወርዱ ቀስ እያለ መቀነሱ አያስደነግጥም። የምትፈልጉት ድንገተኛ መውደቅን ነው። 80 ላይ አለ፣ 100 ላይ ጠፋ፣ 160 ላይ ተመለሰ ከሆነ ሁለት ድምፆች እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው፤ ፖላሪቲ (የገመድ መገልበጥ)፣ ፌዝ (የሁለት ድምፆች ግፊት በጊዜ አለመገጣጠም) ወይም የመቀመጫ ቦታ ይጠረጠራል። ከ120 አካባቢ በታች ያለው ሁሉ አንድ ላይ ከወረደ ፊልተር፣ የሚያፈስ በር ወይም አቅሙ የማይፈቅድ ትንሽ ስፒከር ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ጥሩ ሆኖ ሲጨመር ብቻ የሚሳሳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወይ የኃይል ማነስ ነው ወይ ፋብሪካው ራሱ ድምፅ ሲጨምር ባስ እንዲቀንስ አድርጎ የሠራው ሲስተም ነው።

የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕሊኬሽኖች ለዚህ ይረዳሉ፤ ግን በፊትና በኋላ ለማወዳደር ብቻ። የስልክ ማይክ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚቆርጥ የሚያሳየውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

ፖላሪቲ

በጣም ከተለመዱት ጥፋቶች አንዱ ይህ ነው፤ ለማስተካከልም አንድ ካቻቪቴ ይበቃል። የአንዱ በር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል። የ100 ሄርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እጅግ ያንሳልና የአንዱ ግፊት የሌላውን ስበት አግኝቶ ይጠፋል። ከፍተኛው ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ እንዲህ በአንድነት አይጠፋፋም፤ ከፍተኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ጥርት ብሎ ስለሚሰማም ማንም ገመዱን አይጠረጥርም።

በጆሮ ለመፈተሽ ሰብዉፈሩን አጥፉና የ80 ወይም የ100 ሄርትዝ ድምፅ ክፈቱ። ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ መሃል አምጡት። መሃል ላይ ሁለቱ ስለሚደመሩ ድምፁ መወፈር አለበት። መሃል ላይ ሲሳሳና ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ሲመለስ ካያችሁ አንዱ ተገልብጧል። የአንዱን በር ሁለት ገመዶች ብቻ አቀያይሩ። ሁለቱንም በሮች ካቀያየራችሁ ጥፋቱን በሌላ መልኩ መልሳችሁ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ተጠቀሙ። የስፒከሩን ገመድ ከቴፑ ወይም ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ጀርባ ንቀሉት። ሳትነቅሉ ባትሪ ማስነካት እቃውን ሊያበላሽ ይችላል። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በፖዘቲቩ ገመድ፣ ኔጌቲቩን በሌላው ለቅጽበት አስነኩ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ይህን በሁሉም በሮች ላይ አድርጉ፣ የኋላዎቹንም ጨምሮ። ትዊተር ግን በመንገዱ ላይ ያለው ካፓሲተር ስለሚያግደው በዚህ መንገድ አይፈተሽም። የገመድ ቀለም ላይ አትመኩ። መስመር ያለበት ገመድ ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ቢሆንም ከእናንተ በፊት ማን እንዴት እንደቀጠለው አታውቁም።

ሌላው ጥንቃቄ፦ የስፒከር ኔጌቲቭ ከመኪናው ላሜራ ጋር በፍጹም አይገናኝም። የዛሬዎቹ ቴፖች ውጤት በሁለቱም ገመድ ላይ ቮልቴጅ አለው፤ ከቦዲ ጋር ያነካካ ሰው ቴፑን ያቃጥላል።

ፊልተሮች

ሃይ ፓስ ፊልተር ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ያለውን ይቆርጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ትንሹ ስፒከር የማይችለውን ጥልቅ ባስ እንዳይሸከም ይጠብቀዋል። ችግሩ የት እንደተቀመጠና ስንት ቦታ እንደበራ ነው።

በቴፑ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የፊት ስፒከሮች ሃይ ፓስ ስንት ላይ እንዳለ እዩ። 120 ወይም 150 ላይ ቁጭ ብሎ ማግኘት ያጋጥማል። ከዚያ ወደ አምፑ ሂዱ። እዚያም በርቶ ከሆነ ሁለት ፊልተር ተደራርቧል። ሁለቱም 80 ላይ ሆነው እያንዳንዳቸው በኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዴሲቤል ቢቆርጡ፣ 80 ላይ ያለው ድምፅ በ3 ፋንታ በ6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በኦክታቭ 24 እየተቆረጠ ይሄዳል። አንዱን አጥፉ። ቁጥሩን በግልጽ የሚያሳየውን የቴፑን ማስቀረት ይሻላል፤ የአምፕ ማዞሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግምት ነው፣ አንዳንዴም ከእውነቱ በብዙ ይርቃል።

አንዳንድ አምፖች ከማዞሪያው አጠገብ ፍሪኩዌንሲውን በ10 የሚያባዛ ትንሽ ማብሪያ አላቸው። እሱ ከተጫነ 80 የነበረው 800 ይሆናል፤ በሩ ላይ ያለው ስፒከርም እንደ ትልቅ ትዊተር ይሠራል። ጣት ለማስገባት እንኳን የሚያስቸግር ቦታ ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም።

ከገመዱ ጋር በተከታታይ የተያያዘ ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተር ካገኛችሁም የባስ ማገጃ ነው። 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ4 ኦም ስፒከር ላይ ከ180 ሄርትዝ በታች ያለውን ይቆርጣል። ወደ ዳሽቦርድ ትንሽ ስፒከር የሚሄድ ከሆነ ተዉት፤ ወደ በሩ ስፒከር የሚሄድ ከሆነ ግን አውጡትና ገመዱን በቀጥታ ቀጥሉ።

መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሰብዉፈር ካለ የ16.5 ሳንቲሜትር በር ስፒከር ሃይ ፓስ 80፣ የሰብዉፈሩ ሎው ፓስም (ከተቀመጠበት ቁጥር በላይ ያለውን የሚቆርጠው ፊልተር) 80። ሰብዉፈር ከሌለ ከ50 እስከ 60። የ13 ሳንቲሜትር ስፒከር ከሆነ 100 አካባቢ ጀምሩ። ሃይ ፓሱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ሚድባስ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። እኩል ድምፅ ለማውጣት ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲወርድ ወረቀቱ 4 እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ጉልበቱን 40 ሄርትዝ ላይ የጨረሰ ስፒከር ለ100 የሚተርፈው የለም።

በሩ

ሴቲንጉና ፖላሪቲው ትክክል ሆኖ ሚድባሱ አሁንም ከሳሳ፣ ከአስር ዘጠኙ ባይባልም አብዛኛው ጥፋት እዚህ ነው። የበር ስፒከር ሳጥን የለውም፤ ሳጥኑ በሩ ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳባል። የኋላው አየር ከፊተኛው ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ካገኘ ባሱ ሹልክ ብሎ ይዞርና ራሱን ያጠፋል። የመኪና በር የውስጥ ላሜራ ደግሞ ለመስታወት ማሽኑና ለቁልፉ መጠገኛ ተብሎ በትላልቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ፋብሪካው እነዚህን የሚሸፍናቸው ብዙ ጊዜ በስስ ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩ ውሃ ያግዳል፣ ባስ ግን አያግድም።

የበሩን የውስጥ ሽፋን (ፓኔሉን) ከማንሳታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና የመኪናው ማኑዋል ለኤርባግ የሚለውን ያህል ቆዩ። ብሎኖቹ የሚደበቁት በእጀታው ጉድጓድ፣ በክንድ ማስደገፊያው ሥርና በትናንሽ ክዳኖች ጀርባ ነው። ሁሉም ከወጡ በኋላ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከታች ጀምራችሁ ክሊፖቹን አላቅቁ፣ ፓኔሉን ወደ ላይ አንሱ፣ የእጀታውን ገመድና የመስኮት ማብሪያውን ሶኬት ፍቱ። ጥቂት ክሊፖች መሰበራቸው አይቀርም፤ ቀድማችሁ መለዋወጫ ያዙ። የላላ ክሊፕ በኋላ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሆናል።

አሁን ምንም ሳትለጥፉ ፈትሹ። ባትሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የፈታችሁት የኤርባግ ሶኬት ካለ መልሱት። የ50 ሄርትዝ ድምፅ በመጠኑ ክፈቱና ጣት የምታህል ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በስፒከሩ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሯት። አየር በሚያፈስበት ቦታ ሶፍቷ ትርገበገባለች። ብዙውን ጊዜ የምትርገበገበው ስፒከሩ ከአዳፕተሩ (ከሚታሰርበት ቀለበት) ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ አዳፕተሩ ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት እና ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ሂዱ። ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ በሰፊ ፕላስተር በጊዜያዊነት ለጥፉባቸውና ያንኑ 80 እና 100 ሄርትዝ መልሳችሁ ስሙ። ልዩነቱ ጎልቶ ከተሰማ ሥራው ዋጋ አለው። በካርቶን ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ለቡቲል (ለሚጣበቀው የጎማ ምንጣፍ) ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ቀጣዮቹ ክፍሎች እለፉ።

የአየር ማፍሰሻውን ስትዘጉ ከስፒከሩ ጀምሩ። አዳፕተሩ ጠንካራ መሆን አለበት፤ በእጅ ሲጠመዘዝ የሚታጠፍ ስስ ፕላስቲክ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ምቱንም ይበላዋል። ወፍራም ፕላስቲክ፣ አልሙኒየም ወይም ሁሉም ጎኑ ደጋግሞ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ይሆናል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) በበር ውስጥ አይመከርም፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። ከአዳፕተሩ በታችና በላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ውሃ የማይመጥ ስፖንጅ ቀለበት አድርጉ። ብሎኖቹን በተቃራኒ አቅጣጫ እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ። አንዱን ጎን መጀመሪያ ከጠመዘዛችሁት የስፒከሩ ብረት ይጣመማል፣ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ)ም ማግኔቱን መላስ ይጀምራል። ከመግጠማችሁ በፊት መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አውርዱና ከማግኔቱ ጀርባ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረቱን ለኩ።

ትልልቆቹን ቀዳዳዎች በቡቲል ብቻ መሸፈን የተለመደ ቢሆንም በሰፊ ቀዳዳ ላይ ለስላሳው ቡቲል በእያንዳንዱ ምት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይነፋል፤ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። ከእጅ መዳፍ ለሚበልጥ ቀዳዳ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር አልሙኒየም ወይም 3 ሚሊሜትር ጠንካራ ፕላስቲክ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው በ2 ሳንቲሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን በቡቲል ገመድ ዙሩት፣ በትናንሽ ብሎኖች እሰሩት። ከላዩ ቡቲል መለጠፍ ይቻላል። በብሎን መታሰሩ የመስታወት ማሽኑ አንድ ቀን ሲበላሽ መካኒኩ በሩን እንዳይቦጫጭቀው ይረዳል።

ሳይዘጉ የሚቀሩ ነገሮች አሉ። በበሩ ታችኛው ጠርዝ ያሉት ቀጫጭን የውሃ መውጫዎች ከተደፈኑ በሩ ውሃ ያቁራል፣ ከውስጥም ይዝጋል። እነሱ ትንንሽና ከስፒከሩ ራቅ ያሉ ስለሆኑ ባስ አይወስዱም። አንዳንድ መኪኖች ላይ በውስጠኛው ላሜራ የታሰረ የኤርባግ ግፊት ሰንሰር አለ። ግጭትን የሚያውቀው በበሩ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ለውጥ ስለሆነ አትሸፍኑት፣ ቦታውንም አትቀይሩት። እንዲህ ያለ በር ላይ የፋብሪካው ሽፋን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መለወጥም አደጋ ስላለው ስለ ሞዴሉ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሳትማከሩ ትልልቅ ቀዳዳዎችን አትድፈኑ። የቁልፍ ዘንጎችና ገመዶችም በነፃ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ፓኔሉን ሳትመልሱ መስታወቱን ደጋግማችሁ አውጡ፣ አውርዱ፣ በሩን ቆልፉ፣ ክፈቱ።

የውጪው ላሜራ ቀጥሎ ይመጣል። በቡጢ አንኳኩት፤ እንደ ጣሳ ከጮኸ ከስፒከሩ ጋር አብሮ እየተንቀጠቀጠ ነው። በአልኮል አጽዱትና ፊቱ አልሙኒየም የሆነ 2 ሚሊሜትር ቡቲል ከስፒከሩ ትይዩ ጀምራችሁ ሰፊ በሆነው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ለጥፉ። ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ያለውን ስፋት መያዝ አብዛኛውን ጥቅም ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው በሩን ማክበድ ነው። በሮለር አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ የአልሙኒየሙ ማህተም እስኪጠፋ ድረስ ካልተጫነ ከላሜራው ጋር አልተጣበቀም። በሬንጅ የተሠሩትን ርካሽ ምንጣፎች አትጠቀሙ፤ በሙቀት ይለሰልሳሉ፣ ይሸታሉ፣ ውለው አድረውም ይወርዳሉ። ውስጥና ውጭ ላሜራውን ጨምሮ ለአንድ የፊት በር 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል።

ጉብጉብ ያለውን ስፖንጅ ከስፒከሩ ጀርባ መለጠፍ ሚድባስ አይጨምርም። የ100 ሄርትዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ 85 ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለት ሳንቲሜትር ስፖንጅ ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ውሃ የሚመጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ስፒከሩ በላሜራው ላይ፣ ወንፊቱ ደግሞ በፓኔሉ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ካለ ድምፁ ከፓኔሉ ጀርባ ይበተናል፣ ፓኔሉንም ያንቀጠቅጠዋል። በስፒከሩ ጠርዝ ላይ ፓኔሉ ሲገጠም በመጠኑ የሚጨፈለቅ ወፍራም የስፖንጅ ቀለበት ለጥፉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ በትንሹ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው አንዳንዴ ይህ ቀለበት ነው።

ኃይል

በቴፑ ፊት 50 በ4 ዋት ተጽፎ ብታዩ ቁጥሩ ለቅጽበት የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ሳይቋረጥ በንጽህና የሚሰጠው በእያንዳንዱ ቻናል (የድምፅ መውጫ) ከ15 እስከ 22 ዋት ያህል ነው። ይህ ለሬዲዮና ለመጠነኛ ማዳመጥ ይበቃል፤ ከበሮ በኃይል እንዲመታ ሲፈለግ ግን ቴፑ ጣሪያውን ይነካና የምቱ ጫፍ ይቆረጣል። የበር ስፒከርን በደንብ ለማንቀሳቀስ በቻናል ከ50 እስከ 100 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ አምፕ ይፈለጋል፤ በእርግጥ ስፒከሩ የሚችለውን ያህል።

አምፕ ካለና ሚድባሱ ከሳሳ ጌይኑ (የአምፑ የግቤት መጠን ማዞሪያ) ዝቅ ብሎ ወይም ከልክ በላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስፒከሮቹን ከአምፑ ንቀሉ፣ የአምፑን ፊልተር ለጊዜው አጥፉ፣ የቴፑንም ሃይ ፓስ እንዲሁ። የቴፑን ድምፅ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉና በሙሉ ደረጃ የተቀዳ 200 ሄርትዝ ክፈቱ። ርካሽ ቴስተሮች ከ400 ሄርትዝ በላይ ልክ ላያነቡ ስለሚችሉ 1000 ሄርትዝ አትጠቀሙ። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት አድርጋችሁ የአምፑን ውጤት እየለካችሁ ጌይኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የሚፈለገው ቮልት የዋቱና የኦሙ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው፤ በ4 ኦም ለ50 ዋት 14.1፣ ለ75 ዋት 17.3፣ ለ100 ዋት 20 ቮልት። ከዚያ ፊልተሮቹን መልሱ፣ አምፑን አጥፉና ስፒከሮቹን ግጠሙ።

የስፒከር ገመድ ማወፈር ብዙ ይወራል፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ገመድ በ5 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ያህል ነው፤ የሚወስደው ድምፅ ሩብ ዴሲቤል ገደማ ብቻ። ገመድ የሚጠረጠረው ሲቆስል ነው፤ በተለይ በሩ በሚታጠፍበት ጎማ ቱቦ ውስጥ። በሩን እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ድምፁ ቢቆራረጥ እዚያ ነው።

ስፒከሩ ራሱ

ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጋችሁ ገመዱ የተነቀለ ስፒከር ለኩ። የ4 ኦም ስፒከር ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። በሁለት እጅ ጣቶች ወረቀቱን ከመሃሉ ዙሪያ እኩል ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡት፤ የሚፋቅ ድምፅ ወይም መያዝ ከተሰማ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። በጠርዙ ያለው ጎማ ወይም ስፖንጅ ተቀድዶ ከሆነ በመብራት ይታያል። ፊትና ኋላ ስፒከሮች በአንድ ቻናል ላይ በተከታታይ ተያይዘው ከሆነ ጭነቱ 8 ኦም ይሆንና ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል።

መቀየር ግድ ከሆነ የሚጮኸውን ሳይሆን የሚገፋውን ምረጡ። ለመድረክ የተሠሩ ሚድሬንጅ ስፒከሮች በጥቂት ዋት ከፍ ብለው ስለሚጮሁ ሰው ይወስዳቸዋል። ወረቀታቸው የሚንቀሳቀሰው ግን ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ከ100 ሄርትዝ በታችም ብዙ የላቸውም። በስፒከሩ የቴክኒክ መግለጫ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ የራሱ ሬዞናንስ (በተፈጥሮው የሚንቀጠቀጥበት ፍሪኩዌንሲ) ከ70 ሄርትዝ በታች፣ ኪውቲኤስ የሚባለው (የስፒከሩ ንዝረት ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.5 እስከ 0.8፣ የወረቀቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ጉዞ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር። ኪውቲኤሱ 0.3 የሆነ ስፒከር ለተስተካከለ ትንሽ ሳጥን የተሠራ ነው፤ በሰፊው በር ውስጥ ባሱ ይደርቃል። መጠንም ይወስናል። የ16.5 ሳንቲሜትር ስፒከር አየር የሚገፋበት ስፋት 130 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን የ13 ሳንቲሜትሩ ከ90 አይበልጥም፤ ባለ 8 ኢንቹ ደግሞ ከ200 ያልፋል። በዚህ ልዩነት ላይ ኢኳላይዘር ምንም አያደርግም።

ሰብዉፈርና መቀመጫ

በር ላይ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ሰብዉፈሩ ሲበራ 80 አካባቢ ከጠፋ የሰብዉፈሩን ፌዝ ከ0 ወደ 180 ቀይሩት። ሾፌር ወንበር ላይ ሆናችሁ 80 ሄርትዝ ክፈቱና ጎልቶ የሚሰማበትን አስቀሩ። እዚህ ላይ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል ቦታ የለም፤ ከሻንጣው እስከ ወንበሩ ያለው ርቀት ነው የሚወስነው።

ከ100 እስከ 130 ሄርትዝ ያለ ጉድጓድ ግን ፌዝም ፖላሪቲም ላይዘጋው ይችላል። የ120 ሄርትዝ ግማሽ ሞገድ 1.4 ሜትር ያህል፣ የብዙ መኪኖች የውስጥ ስፋትም እዚያው አካባቢ ነው። ድምፁ እየተጫወተ ጭንቅላታችሁን ወደ መኪናው መሃል 30 ሳንቲሜትር አዘንብሉ። በእጅጉ ከተለወጠ የጎደለው በቦታው ምክንያት ነው። ታይም አላይመንት (የእያንዳንዱን ስፒከር ድምፅ የማዘግየት ሴቲንግ) ያለው ቴፕ ወይም የድምፅ ፕሮሰሰር ካላችሁ ከጆሯችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር በሜትር ለኩ። የግራው 95፣ የቀኙ 145 ሳንቲሜትር ቢሆን ልዩነቱ 50 ሳንቲሜትር ነው፤ ድምፅ በ1 ሚሊሴኮንድ 34.3 ሳንቲሜትር ስለሚሄድ ቅርቡን በ1.46 ሚሊሴኮንድ ማዘግየት ነው። ፕሮሰሰር ከሌለ አንዱን በር ሆን ብሎ መገልበጥ ለሾፌሩ ሚድባስ የሚጨምርበት መኪና አለ። ሞክሩት፤ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሰብዉፈሩም በርቶ።

ኢኳላይዘር የመጨረሻው ነው። 3 ዴሲቤል መጨመር ኃይሉን እጥፍ፣ 6 ዴሲቤል ደግሞ 4 እጥፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ 100ን ከመጨመር ከ1000 እስከ 4000 ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሶ አጠቃላይ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይሻላል። በተጠፋፋ ድምፅ ላይ መጨመር ከንቱ ነው፤ የጨመራችሁትም አብሮ ይጠፋል።

ሚድባሱ ሲመለስ ከዚህ በፊት ያልተሰሙ ንዝረቶች አብረው ይመጣሉ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ከ50 እስከ 200 ሄርትዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ አጫውቱ፣ ሌላ ሰው በእጁ ፓኔሉን፣ የመስኮት ማብሪያውን፣ የበሩን ኪስ፣ የእጀታውን ገመድ አንድ በአንድ ይጫን። ሲጫነው ዝም ያለው ቦታ ላይ ፓኔሉን መልሳችሁ አውጡና በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ቀጭን ፌልት ወይም ስፖንጅ ለጥፉ። ገመድና ሶኬቶችን ደግሞ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ከላሜራው ጋር እሰሯቸው።